ቢበላሽ የማን ነው?

እህት ፀዳለ አትመለስም። ወሬውን የሰማነው ራሷ በሴቶች ግሩፕ ላይ ከላከችው የድምፅ መልእክት ነው። ለእረፍት አዲስ አበባ ሄዳ የትምህርት ቤት ግንባታ የሚመራ ሰው እየተፈለገ ነው ሲሏት፣ እኔ አለሁ ብላ ቀረች። ከኋላዋ የመኪና ጥሩምባ ይንጫጫል፤ እሷ ደግሞ እንደ ልማዷ መሰናበቱን ትታ ሥራ ታከፋፍላለች። አል ናህዳ ሰፈር ክፍሏ የቀረው ብርድ ልብስ ለእገሊት፣ ድስቱ ለእገሊት፣ አበባውን የሚያጠጣ ከሌለ ለህንፃው ዘበኛ ለናጡሩ ስጡት። መጨረሻ ላይ «ማርታ ትጻፍ፤ እንዳታቆም» ብላ ዘጋችው። ማርታ እኔ ነኝ።

በማግስቱ እሁድ ከአምልኮ ስንወጣ ከኋላዬ አንድ ሰው፣ «እፎይ፤ ከእንግዲህ ስብሰባ ቶሎ ያልቃል» አለ። ሰዎች ሳቁ። ዞሬ ማን እንደሆነ ባይ ደስ ባለኝ፤ ግን ወንድም ታምራት ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ። ወንድም ታምራት የኅብረታችን ሽማግሌ ናቸው፤ በሥራቸው ደግሞ የአንድ ድርጅት ሾፌሮች አለቃ። ለዓመት በዓላችን በምናወጣት መጽሔት ላይ ስለ እህት ፀዳለ የመሰናበቻ ጽሑፍ እንድጽፍ ጠየቁኝ። ትምህርት ቤት በጽሑፍ ውድድር ማሸነፌን እናቴ ነግራቸዋለች፤ ከዱባይ ወዲህ፣ እኛ በምንኖርባት በአጅማን፣ እናቴ ያልነገረችው ሰው የለም።

«ጥሩ ጥሩውን ብቻ ጻፊ። የግድግዳውን ነገር ተይው» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። ቤት ገብቼ ጥሩ ጥሩውን ልጽፍ ስቀመጥ ግን ጥሩው ሁሉ ግድግዳው ውስጥ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ይቅርታ፣ ግድግዳውን እጽፋለሁ።

እህት ፀዳለ አጭር ናት፤ ድምፅዋ ግን አጭር አይደለም። ዱባይ ውስጥ በአንድ የግንባታ ድርጅት የኮንትራት መሐንዲስ ነበረች። ሥራዋ ብሎኬት ማስደርደር አይደለም። አንድ ህንፃ ገና መሬት ሳይቆፈርለት ማን ይስላል፣ ማን ይሠራል፣ ማን ይቆጣጠራል፣ አንድ ነገር ቢሳሳት ደግሞ ማን ይሸከማል የሚለውን አስቀድማ ታስይዛለች። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን አንቱ ስላት፣ «አንቱታውን ለህንፃ ባለቤቶች አስቀምጪው፤ እኔ ተከራይ ነኝ» አለችኝ።

የገባችበትን ቤት ግድግዳ ሁሉ በጣቷ አንጓ ታንኳኳለች። አል ራሺዲያ ያለው ቤታችን መጀመሪያ የመጣች ቀን እናቴ ልታቅፋት እጇን ዘርግታ ስትጠብቅ፣ እሷ አልፋት ሄዳ ከጎረቤት የሚለየንን ግድግዳ ኳኳ አደረገችና ጆሮዋን ለጠፈች።

«ወረቀት ነው» አለች።

«መጀመሪያ ሰላም በይ እንጂ አንቺ ልጅ» አለች እናቴ፣ እጇ እንደተዘረጋ።

ከዚያ ጥያቄዋ አለ። በኅብረታችን ሁሉም ያውቀዋል፤ ልጆች እንኳ እየተቀባበሉ ይቀልዱበት ነበር። ቢበላሽ የማን ነው? እህቶች ለባሕር ዳርቻ ሽርሽር ሲያቅዱ ሁሉም «ምግብ እናመጣለን፣ ጌታ ያዘጋጃል» ይላል። እሷ እጇን ታወጣለች። ምግቡ ቢቀር የማን ነው? ሠርግ ሲዘጋጅ፣ መኪናው ቢዘገይ የማን ነው? እናቴ ትወዳታለች፤ ግን «ይቺ ልጅ ሰው አታምንም» ትል ነበር፤ ሌላውም እንደዚያ ነበር የሚያስባት። እኔም ትንሽ አስብ ነበር፤ መኪናዋ ውስጥ እስካስረዳችኝ ድረስ።

እናቴ ዱባይ ማሪና አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታፀዳለች። ፈረቃዋ ከእህት ፀዳለ መውጫ ጋር ሲገጥም በሷ መኪና ይመለሳሉ፤ ትምህርት ሲዘጋ እኔም አብሬ እሄድ ነበር። ከዱባይ ወደ አጅማን የሚመልሰውን የአል ናህዳን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መኪና የሚነዳበት ሳይሆን መኪና ውስጥ የሚኖርበት መንገድ ነው። እናቴ እንደገባች እንቅልፍ ይወስዳታል። እህት ፀዳለ ሱፍ እየፈለፈለች ክሬኖቹን ታሳየኛለች። እሱ ህንፃ ነዳፊውና ሠሪው አንድ ድርጅት ነው ትለኛለች፤ ያኛው ለየብቻ ነው፤ ያ የቆመው ደግሞ እየተካሰሱ ነው።

አንድ ቀን ለምን ሁልጊዜ ያንን ጥያቄ ብቻ እንደምትጠይቅ ጠየቅኋት። እሷም በመዘምራን ልብሳችን አስረዳችኝ።

የልብሱን ጉድ ልንገራችሁ። ለገና አንዲት እህት ስልኳ ላይ ሳለችልን፤ ስዕሉ ለልብስ ሰፊ ተሰጠ። ልብሱ ሲመጣ እጅጌው ክርናችን ላይ ቀረ። ሰፊው በተሳለልኝ ነው የሰፋሁት አለ። የሳለችው እህት ደግሞ ሰፊው መለካት አይችልም አለች። እኛ ገናን በሙሉ «እጃችንን እናንሣ» የሚለውን መዝሙር እጃችንን ሳናነሣ ዘመርነው።

«እሱ አንዱ መንገድ ነው» አለችኝ እህት ፀዳለ። አንዱ ይስላል፣ ሌላው ይሠራል። ጥሩነቱ፣ ምን እንደሚመጣልሽ አስቀድመሽ ታያለሽ፤ ሰፊም ታማርጫለሽ። ስጋቱ፣ ሲበላሽ ሁለቱ እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ፤ አጭሩን ልብስ ለብሰሽ መሀል የምትቆሚው አንቺ ነሽ። ሁለተኛው መንገድ፣ አንድ ቤት ራሱ ይሳል፣ ራሱ ይስፋ። ፈጣን ነው፤ ቢያጥርም የምትይዥው አንድ ሰው አለ። ስጋቱስ? ሲሰፋ የሚያየው ሌላ ዓይን የለም፤ ምን እንዳዘዝሽ የምታውቂው ካለቀ በኋላ ነው። ሦስተኛው፣ ሰፊውን ገና ሲሳል አምጥተሽ ከሳዩ ጎን ታስቀምጪዋለሽ፤ ይኼ እጅጌ አይሆንም ብሎ ቀድሞ ይናገራል፤ ከዚህ በላይ ጨርቅ አልጠይቅም ብሎም ይፈርማል። እሱ ጥሩ ነው፤ ግን ስንት ጨርቅ እንደቆረጠ ሳይደብቅ የሚሠራ ሰው ይፈልጋል። የመጨረሻው፣ ቆራጩን ለብቻ፣ ዚፕ የሚተክለውን ለብቻ አንቺው ትቀጥሪያለሽ። ያኔ አዛዧ አንቺ ነሽ፤ ጥፋቱም ሁሉ ያንቺ ነው።

«የትኛው ይሻላል?» አልኳት።

«ስጋት የሌለበት የለም። የትም አይጠፋም፤ ቦታ ይቀይራል እንጂ። ዋናው ማን ጭን ላይ እንደተቀመጠ ቀድሞ ማወቅ ነው።» የሱፍ ቅርፊቱን ወደ ብርጭቆው ጣለችና፣ «ሰው የሚጣላው ስለተበላሸ አይደለም። ሲበላሽ የማን እንደሆነ ስላልተነጋገረ ነው» አለችኝ።

እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ለልጄ ጭቅጭቅ ታስተምሪልኛለሽ» አለች።

አሁን ወደ ግድግዳው። የምናመልክበትን አዳራሽ ልቀቁ ተባልን። ከብዙ ፍለጋ በኋላ እዚሁ አጅማን፣ ድሮ የዕቃ ማሳያ የነበረ ሰፊ ቤት ተገኘ። ባለቤቱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ከጎን ያለው የጥርስ ክሊኒክ ድምፃችንን እንዳይሰማ። ከሰማ ቁልፉን ትመልሳላችሁ አለ። የድሮውን ለቀናል፤ ይኼን ካጣን ሜዳ ላይ ነን። ስለዚህ በኛና በክሊኒኩ መሀል ድምፅ የማያሳልፍ ግድግዳ መሠራት ነበረበት።

ከአምልኮ በኋላ ስብሰባ ሆነ። ወንድም ታምራት ስዕሉን ራሳቸው በማስመሪያ አስምረው መጡ። ግድግዳውን ወንድም ሳሙኤል ይሠራል፤ ሳሙኤል የጂብሰም ሥራ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው፣ ከበሮም የሚመታልን እሱ ነው። ኮርኒሱንና ቀለሙን ወንድሞች በበጎ ፈቃድ ይጨርሱታል። ሰው ሁሉ አሜን አለ። እህት ፀዳለ እጇን አወጣች።

«ጥያቄሽን እናውቀዋለን» አሉ ወንድም ታምራት፤ አዳራሹ ሳቀ።

«ካወቁት ይመልሱልኝ። ድምፁ ቢያልፍ የማን ነው?»

«የጌታ ቤት ነው፤ የሁላችንም ነው።»

«የሁላችንም ከሆነ፣ ማንን ጠርቼ አስተካክል ልበል?»

ሁለት ነገር አቀረበች። ወይ ስዕሉንም ሥራውንም ለሳሙኤል ስጡት፣ ኃላፊነቱን ሙሉ ለሙሉ ይውሰድ። ወይ ሙያው ያለው ሰው ይሳል፣ ሳሙኤል ያንን ብቻ ይሥራ። ሁለቱም ስጋት አላቸው፤ ግን የማን እንደሆነ ይታወቃል። ይኼ ግን አንዱ ስሎት፣ አንዱ ሠርቶት፣ ሌላው የሚዘጋው ነገር የማንም አይደለም። የትኛውም ቢመረጥ በጽሑፍ ይሁን አለች። ስዕሉንም ልየው ብላ ጠየቀች።

እዚህ ላይ ነገሩ ተበላሸ። እኛ ጋ በጽሑፍ ማለት ከባድ ቃል ነው። ከውጭ ሰው ጋር ሁሉም ይፈርማል፤ ከኤጀንሲ ጋር፣ ከአከራይ ጋር፣ ከማዳም ጋር። አብሮ የጸለየ ወንድምን ግን ፈርም ማለት ስድብ ነው። ወንድም ታምራት ፊታቸው ተቀየረ። በወንድማማች መካከል ውል ከመቼ ወዲህ ነው፣ ሳሙኤልን ይኼን ያህል ትጠራጠሪዋለሽ ወይ አሏት። ስዕሉንም አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ሳሙኤል አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያይ ነበር። ከኋላ አንዲት ሴት «እምነት የጎደላት» ስትል ሰማኋት። በስዕሉ የምትስማሙ እጅ አውጡ ተባለ፤ ሁሉም አወጣ፤ እናቴም።

«እንግዲህ ብቻሽን ነሽ» አሉ ወንድም ታምራት።

«አይቻለሁ። ተቃውሞዬ ይመዝገብ» አለች፤ ሳትቀመጥ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰው ቀና ብሎ ወንድም ታምራትን አያቸው። «እየጠበቅሁ ነው» አለችው። መዘገበ።

ግድግዳው አለቀ፤ ቀለሙ ሲያምር ማየት ነበር። የመጀመሪያውን እሁድ ስንዘምር በሩ ተከፈተና የጥርስ ሐኪሙ ገባ፤ ሶርያዊ ነው፣ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ እጁ ላይ ጓንት እንዳጠለቀ። በግማሽ ዓረብኛ በግማሽ እንግሊዝኛ አስረዳ። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ተኝቷል፣ እሱ መሣሪያውን ጥርሱ ውስጥ ከትቷል፤ በዚህ መሀል ሰውዬው በኛ ከበሮ እግሩን መምታት ጀመረ። ዋላሂ መሳቅ አልፈለግሁም፤ ሳቄ ግን አመለጠኝ። «ሙሽኪላ፣ ችግር ነው» አለ ሐኪሙ፤ ክፉ ሰው አይደለም። የቤቱ ባለቤት ከመንገድ እስኪመለስ እጠብቃችኋለሁ፣ ከዚያ ግን እናገራለሁ ብሎ ሄደ።

ስብሰባው ያንኑ ቀን ሆነ፤ አሁን የሚሳቅበት ነገር አልነበረም። ጣት ሁሉ ሳሙኤል ላይ ዞረ። ሥራው የጥድፊያ ነው ተባለ። ዕቃው ርካሽ ነው ተባለ። አንዱማ ሳይጸልይ ነው የጀመረው አለ። ያኔ «በወንድማማች መካከል ውል» ብለው የተቆጡት ወንድም ታምራት መሬት መሬት ያያሉ። ሳሙኤል ተነሥቶ፣ «እንደተሰጠኝ ነው የሠራሁት» አለ። ሰው ሁሉ የጠበቀው እህት ፀዳለ ተነሥታ ብያችሁ ነበር እንድትል ነው።

እሷ ወንበር ላይ ወጣች። በጃንጥላ እጀታ የኮርኒሱን አንድ ሰሌዳ ወደ ላይ ገፋችና ስልኳን አብርታ አሳየችን። ግድግዳው ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ቆሟል። ከኮርኒሱ በላይ እስከ ሶሌታው፣ እስከ ኮንክሪቱ ጣሪያ ድረስ፣ ባዶ ነው፤ ከኛ እስከ ክሊኒኩ ድረስ ወለል ያለ ጨለማ። መዝሙራችን ግድግዳውን መሻገር አላስፈለገውም፤ ከላይ ዘሎት ነው የሚሄደው።

«ግድግዳው ጥሩ ነው። አጭር ነው እንጂ» አለች። «እንደ ልብሳችን። ስዕሉ የት ይቁም ይላል፣ ወንድም ታምራት?»

ወንድም ታምራት ስዕሉን ዘርግተው አዩት። ኮርኒሱ ጋ ይቁም ይላል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንቺ አይደለሽ እንዴ መጀመሪያ ሳሙኤልን የተጠራጠርሽው?» አሏት።

«ውል የጠየቅሁት እሱን ስላላመንኩት አይደለም። እናንተን ስላላመንኳችሁ ነው። የዛሬው ዓይነት ቀን ሲመጣ ሁላችሁም እሱ ላይ እንደምትዞሩ አውቄ ነው።»

እናቴን አየኋት፤ የመነጽሯን ማኅደር ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሳሙኤል ቀና አለ። እኔ በዚያች ደቂቃ ነው ያ ጥያቄ ምን እንደሆነ የገባኝ። ሰው ሁሉ እንደ ጥርጣሬ ያየው ነገር ለካ ለሳሙኤል የተያዘለት ጋሻ ነበር።

ከወንበሩ ሳትወርድ ነገሩን ጨረሰችው። ከእንግዲህ እኔ እስላለሁ፣ ሳሙኤል ይሠራል፣ ሌላ ማንም እጁን አያስገባም አለች። «ድምፅ ቢያልፍ የኔ ነው። ይጻፍ» አለች። ቃለ ጉባኤ ያዡ አሁን ማንንም ሳያይ ጻፈ።

ሳሙኤል ግድግዳውን እስከ ሶሌታው አደረሰው፤ ውስጡን በድምፅ መከላከያ ጥጥ ሞላው። የሙከራው ቀን ክሊኒኩ ሕመምተኛ አልነበረውም። እህት ፀዳለ ሄዳ የጥርስ ሕክምናው ወንበር ላይ ተኛች፤ የሕመምተኛው ጭንቅላት የሚሆነው እዚያ ነው፣ ከዚያው ልስማ ብላ። እኛ ደግሞ ባለን ጉልበት ሁሉ ዘመርን፤ ሳሙኤል ከበሮውን ደበደበው።

ጥቂት ቆይታ ተመለሰች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

«መዝሙሩ አይሰማም። ከበሮው ይሰማል» አለች።

ወንድም ታምራት ሰው ናቸው። ያን ሁሉ ጊዜ የቆጠቆጣቸው ነገር አለ። ፈገግ ብለው፣ ረጋ ብለው ጠየቋት፤ «ታዲያ እህት ፀዳለ፣ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለች።

አንገቷን ሳትደፋ፣ ሰላም ዋላችሁ በምትልበት በዚያው ድምፅ አለችው። የኤሲው ቱቦ በግድግዳው ውስጥ አልፎ ወደ ክሊኒኩ ይሄዳል፤ ዙሪያውን መድፈን፣ ውስጡንም መለበጥ ነበረብኝ፤ ረስቼዋለሁ፤ ስዕሉ ላይ የለም፤ ሳሙኤል የለበትም አለች። እኔ ትልቅ ሰው «አጠፋሁ» ሲል የሰማሁት ሁልጊዜ በለቅሶ ነው፣ ወይ ሰይጣን አሳሳተኝ ብሎ፣ ወይ ሌላም ሰው ጠቁሞ። እንደዚህ ቆሞ የሚባል መሆኑን አላውቅም ነበር። አንዳንዶች እርስ በርስ ተያዩ፤ ኢንጂነሯም ተሳሳተች የሚል ደስታ ፊታቸው ላይ ነበር። እሷ አይታቸዋለች። ከፈለጋችሁ ሳቁ፣ ግን መሰላሉን ያዙልኝ አለች። የአምልኮ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ወጣች፤ ሳሙኤል ተከተላት። መሰላሉን የያዙት ወንድም ታምራት ናቸው።

ሁለተኛው ሙከራ ባለቤቱ ሊመለስ ሲል ነው የሆነው። እህት ፀዳለ ወደ ክሊኒኩ ሄደች፤ እኛ ጀመርን። አንድ መዝሙር ጨረስን፤ አልመጣችም። ሁለተኛ ያዝን፤ አልመጣችም። ሳሙኤል እጁ ዝሎ ላቡ ይንጠባጠባል። ወንድም ታምራት ከበሩ ወደ ከበሮው፣ ከከበሮው ወደ በሩ ይመላለሳሉ። ምን ሰምታ ይሆን? ከሐኪሙ ጋር ተጣልታ ይሆን? ያላ ማርታ፣ ሂጂ እዪ አሉኝ።

የክሊኒኩን በር ስከፍት ሐኪሙ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እህት ፀዳለ ያ ረጅም ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ እንቅልፍ ወስዷታል። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት፤ ጆሮዬን ጣልኩ። የሐኪሙ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። ከግድግዳው ወዲያ መዘምራኑ ሁሉ እየጮኹ፣ ሳሙኤል ከበሮውን ሊቀደው እየደረሰ፣ ከግድግዳው ወዲህ ሰዓት ይሰማል። ትከሻዋን ነካ አደረግኋት።

ዓይኗን ገለጠችና፣ «ጀመራችሁ?» አለችኝ።

ይኼን ጽፌ ስጨርስ ለወንድም ታምራት አሳየኋቸው። ቆመው አነበቡት፤ ከዚያ ተቀምጠው አነበቡት። የእንቅልፉ ጋ ሲደርሱ ሳቃቸውን ሲውጡ አየኋቸው። ባለፈው ስብሰባ ስለ ሽርሽሩ ስንነጋገር፣ «አውቶቡሱ ቢቀር የማን ነው?» ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ ብለውም ወዲያው ሳል የያዛቸው አስመሰሉ። ይኼንንም ልጽፈው እንደሆነ አላወቁም ነበር።

መጨረሻ ላይ ወረቀቱን መለሱልኝና፣ የስብሰባውንና የሳሙኤልን ነገር ብታወጪው ይሻላል አሉ። ሰው ይቀየማል፤ መጽሔቷ የበዓል ናት፤ ገና ልጅ ነሽ።

አላወጣም አልኳቸው። እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ክንዴን ትቆነጥጠኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልቆነጠጠችኝም።

«ሰው ቢቀየም የማን ነው?» አሉ ወንድም ታምራት።

የኔ ነው። ስሜ ከታች አለ።

ማርታ